በቁሙ ያለቀስኩለት ሰው

ሳጥኑን ደጃፌ ላይ ያገኘሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የጃፓን ቴምብር ተለጥፎበታል፤ ስሜም አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ ተጽፎበታል። በወጥ ቤት ቢላ ፕላስተሩን ቀድጄ ክዳኑን ሳነሳ ከሁሉ አስቀድሞ ፊቴን የመታኝ ሽታው ነው፤ የአዲስ ካርቶን፣ የሙጫና የፕላስቲክ ሽታ። ቢላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ሳሌም በኋላ "የሸክላ ሽታ ነው" ብትለኝም እኔ አውቀዋለሁ፤ ዱሮ ግሮቭፖርት ጫማ እናሽግበት የነበረው መጋዘን ሽታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ጥቁር የሙዚቃ ሸክላዎች፣ እንደ ሰርግ አልበም የወፈረ ሽፋን፣ ከሽፋኑም ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም ተጽፏል ይባላል እንጂ ለእኔ የእሾህ አጥር ነው የሚመስለኝ፤ ያን ጊዜም ማንበብ አልቻልኩም፣ አሁንም አልቻልኩም። መጽሐፉን ገልጬ አራተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ግን የሚነበብ ነገር አገኘሁ። በራሳችን ፊደል፣ ጥቁር ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያወረድኩት ሙሾ ታትሟል፤ ከሥሩ ጃፓንኛው፣ ከዚያ እንግሊዝኛው። ሟቹም በስሙ ተጠርቷል፤ በየነ ይላል። በየነ ግን አልሞተም። በዚያው ጠዋት ዋይትሆል ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ፣ ያችን ግራጫ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ከሰው ጋር ቆሞ ሲስቅ አይቼዋለሁ። "አስካለ፣ የሰርጋችን ሠላሳኛ ዓመት ላይ ቀርተሽ ብትገኚ አልምርሽም!" ብሎ ጮኸልኝ። "ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ!" አልኩት።

እኛ ዲቪ ደርሶን ኮሎምበስ ስንገባ አንድ ጋሎን ቤንዚን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ዋይትሆል ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለአምስት ተከራይተን እንኖራለን። ክረምቱን የምናሳልፈው ብሮድ ስትሪት ጥግ ላይ ከነበረው የሰልባጅ ሱቅ በገዛነው ካፖርት ነው፤ የእኔ የወንድ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ የሲኒማ ትኬት አግኝቼበታለሁ። ሱቁ ዛሬ የለም፤ በቦታው የጥርስ ሐኪም ቤት ቆሟል፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ካፖርቱን የመለስኩ ይመስል ትከሻዬን ይበርደኛል። መኪና የነበረው ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ በየነ ብቻ ነው። ቡናማ፣ አንዱ በሩ የማይከፈት መኪና ነበር። ቴፑ አንድ ካሴት ውጦ አልተፋም ስላለ ዓመት ሙሉ የምንሰማው የዚያኑ ካሴት አንደኛ ገጽ ነው፤ ስድስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ሲቆረጥ የተሳፈርነው ሁሉ በአንድ ላይ ከቆመበት እንቀጥለዋለን። አሁን ያንን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ሙሉውን ስሰማው መጨረሻው ትክክል አይመስለኝም።

በየነ ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ በዕድሜም አራት ዓመት የሚበልጠኝ ነው። ጋሼ በየነ እንለው ነበር። መዋሸት አልፈልግም፤ ለሰው የሚሮጥ ሰው ነበር። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሱ መኪና ነው፤ መጋዘኑ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ ነበረው፤ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ገመዱ የተጠማዘዘ ቢጫ ስልክ። ለቤተሰብ በምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ላይ የምንሰጠው የእሱን ቁጥር ስለነበር ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ ሁሉ በእሱ ጆሮ በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ ባለ አምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን ብንደውል ገና "እንዴት ናችሁ" ተባብለን ሳንጨርስ ያልቅብናል። ስለዚህ ከሥራ ስንመለስ በሩን እናንኳኳለን። "አስካለ፣ እናትሽ ሰላም ብለውሻል" ይለኛል። እኔም ያችን ቃል ይዤ ሳምንቱን እገፋለሁ።

እናቴ የሺመቤት ደሴ ውስጥ ስም ያላት አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ይጠራሉ፣ ቀጥላ እሷ ትጠራለች። ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቀው ቢሆን እንኳ ጎረቤቱን ሁለት ሦስት ነገር ጠይቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትጀምር ሰውየው ተነስቶ በር ላይ የቆመ ይመስል ነበር። እኔ ድምፅዋን ወረስኩና ለዘፈን አዋልኩት፤ በዚያ ዘመን ኮሎምበስ ውስጥ እኔ ያልዘፈንኩበት ሰርግ አልነበረም። ልሰናበታት የሄድኩ ዕለት እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና "የኔን ቀን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። የትም ሁኚ የት፣ ሙሾዬን የምታወርጂልኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ለሌላ ነገር ሁሉ ቃሌን አጥፌ አውቃለሁ፤ ይህን ግን አጥፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በየነ ሮማንን ሊያገባ ሲነሳ ሰርጉ የሁላችን ሰርግ ሆነ። ሮማን ከዲሲ የመጣች ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ቂም የለኝም። ለዕለቱ ከዚያው ከሰልባጅ ሱቅ ቀይ የከፋይ ቀሚስ በዘጠኝ ዶላር ገዛሁ፤ እጅጌው ላይ ትንሽ የተቃጠለ ቦታ ነበረውና በቀይ ክር ጠቀምኩት። ጫማው ከምናሽገው ነው፤ ሳጥኑ የተጨማደደውን ለሠራተኛ በግማሽ ዋጋ ይሸጡልን ነበር። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከሥራ ስወጣ ወደ በየነ ቤት ጎራ አልኩ። መስታወት ፊት ቆሞ ከረባት እየለካ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ከቤት ድምፅ ስላልሰማሁ ደረቴን ከብዶኛል። "ጋሼ፣ ከቤት አልደወሉም እንዴ?" አልኩት። ዞር እንኳ አላለም፤ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። "ደውለው ነበር እንጂ። ሁሉም ደህና ናቸው። እናትሽ ሰላም ብለውሻል" አለኝ። ደስ ብሎኝ የከረባቱን ቋጠሮ አስተካከልኩለት፤ በእነዚህ በሁለት እጆቼ።

ቅዳሜ አዳራሹ በሰው ተጨናነቀ። ያን ቀን ሁሉም ሰው እንዴት እንደወደደኝ! ሴቶቹ ሳህኔ ላይ ሥጋ ይደርባሉ። ጋሼ ታደሰ የሚባሉት፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ዘለግ አድርገው አቅፈው ሳሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ድምፄ አስለቅሷቸው ነው ብዬ ኮራሁ። በገባሁበት ጠረጴዛ ሁሉ ወሬው ቀጥ ይላል፤ የዘፋኝ አክብሮት መሰለኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ዘፈንኩ፤ እስክስታ ወረድኩ፤ ሙሽራው ዶላር ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ። ስለ እናትነት የሚዘፈነውን ስዘፍን "እናቴ ትኑርልኝ" እያልኩ እልል አልኩ። አዳራሹም አብሮኝ እልል አለ። ሁሉም እያወቀ።

ሰርጉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ አሥራ አንድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ በማለዳ በሰው ተከቦ እንደሚነገር ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እናቴ ከተቀበረች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። በየነ ስልኩን የተቀበለው በሰርጉ ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኞ ሰምቶ ረቡዕ ሰላም ብለውሻል አለኝ ማለት ነው። ጮህኩ። የእናቴን ጩኸት ጮህኩ፤ ግድግዳው እስኪሰማ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ። ጋሼ ታደሰ እጃቸውን አጣምረው "ማዘር... ኢትዮጵያ... ዴድ" ይላሉ። ፖሊሱ "ሶሪ ፎር ዩር ሎስ" አለና "ባት ኪፕ ኢት ዳውን፣ ኦኬይ?" ብሎ ጨመረ። የራሴ ሰዎች አፍረው ነጠላ አፌ ላይ አደረጉብኝ። "በቃ፣ አስካለ፣ ቀስ በይ፤ ከአፓርትመንቱ ያስወጡናል" አሉኝ። ለቅሶዬ ሳይወጣልኝ ቀረ።

በየነ ከጫጉላው ሲመለስ አቅፎኝ አለቀሰ። "ላንቺው ብዬ ነው አስኩዬ። ብትሰሚ ሰርጉንም አትችይም፣ ራስሽንም ትጎጃለሽ። ሁላችንም ተመካክረን ነው" አለኝ። መደበቁን እንኳ እችለው ነበር፤ የእኛው ወግ ነው፤ እኔም የሰው ሞት ደብቄ አውቃለሁ። ግን ሲደበቅ ዝም ይባላል፤ ከተቀበረች ሴት ሰላምታ አይመጣም። የእናቴን አፍ ተውሶ ዋሸኝ፣ ለሰርጉ ድምቀት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብዬው አላውቅም። በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ልብ አላለውም፣ እሱም ጭምር። በዚያው ሳምንት የራሴን ስልክ አስገባሁ፤ ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።

ወደ ሥራ ስመለስ መጋዘኑ ውስጥ ሳጥን የሚያመላልሰው ቤልት ይጮሃል፤ ሳጥን እያሸግኩ በጩኸቱ ተሸሽጌ የእናቴን ግጥም አንጎራጉር ነበር። አጠገቤ የሚሠራው ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ አባቱ ለመኪና ፋብሪካ ሥራ ወደዚህ የመጣ፣ ፀጉሩ ወገቡ የደረሰ፣ ያ የእሾህ አጥር የታተመበትን ጥቁር ካናቴራ ከላዩ የማያወልቅ ሰው። አንድ ቀን የጆሮውን ማዳመጫ አወለቀና "የምትዘፍኚው ምንድን ነው?" አለኝ፤ ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ነው የምንግባባው።

"ዘፈን አይደለም። ለሞተ ሰው ነው።"

"ጮክ ብለሽ ትይዋለሽ?"

"እዚህ አገር ጮክ ብሎ ማልቀስ ፖሊስ ያስመጣል።"

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "እኔ የምጮህበት ቤት አለኝ" አለኝ።

ቤቱ ፍራንክሊንተን ነው፤ ከመሃል ከተማው ወንዙን ተሻግሮ፣ የጎርፍ መከላከያውን ግንብ አልፎ፣ በረንዳው ያዘመመ የእንጨት ቤት። ዛሬ በዚያ ሰፈር አንድ ኩባያ ቡና የሚሸጡበት ዋጋ ያኔ ምሳና እራት ያበላን ነበር። ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ግድግዳው በሙሉ በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፤ በትንሿ መስኮት ላይ ፍራሽ በምስማር ተመትቷል። የሚያቀናብረውን ሙዚቃ አሰማኝ። ጓደኞቹ ጃፓን ናቸው፤ ካሴቱ በፖስታ ይመላለሳል። "ብላክ ሜታል ይባላል፤ የኛ ግን ሙከራ ነው፣ ማንም ያልሠራው" አለኝ። ከበሮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። በላዩ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን አለ፣ ዋሽንት የሚመስል የአገራቸው መሣሪያም አለ። ከዚያ አንድ ሰው ይጮሃል፤ አዘፋፈን የለውም፣ ይጮሃል ብቻ። እኔ ያሰብኩት ይህ ልጅ ማን ሞቶበት ነው ብዬ ነው። አሜሪካ ከገባሁ በደንብ የሚያለቅስ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማይክሮፎኑን ፊቴ አቆመ፤ ራሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለእናቴ ያዘጋጀሁት ግጥም ነበረኝ፤ ሌት ተቀን የቋጠርኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ አፌን ከፈትኩ። አፌ በየነ አለ።

በየነ ወንድሜ ማን ነገረህ አንተ፣
እየጨፈርክ ሳለህ ልብህ እንደሞተ።

ሰርግህ ላይ ዘፈንኩኝ ቀይ ቀሚሴን ለብሼ፣
ለቅሶህን ጨረስኩት አስቀድሜ አልቅሼ።

ከናቴ ዘንድ ስትደርስ አፈሩን ተንተርሰህ፣
የሰጠችህን ሰላም ለሷው ስጣት መልሰህ።

ሌላም ብዙ አልኩ፤ የአባቱን ስም፣ መኪናውን፣ ከረባቱን፣ ቢጫውን ስልክ ሁሉ አነሳሁ። በቁሙ ያለን ሰው ስሙን ጠርቶ ሙሾ ማውረድ እኛ ዘንድ ከስድብም ከእርግማንም የባሰ ሟርት ነው፤ እናቴ ብትሰማኝ በጥፊ ትለኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀበርኩት፣ አፈር መለስኩበት፣ ተዝካሩን አወጣሁ። ስጨርስ ኬንጂ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

"ማን ነው የሞተው?" አለኝ።

"አንድ የማውቀው ሰው።"

"አዝናለሁ።"

"አትዘን" አልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ። ለእናቴ አላለቀስኩም። በኮሎምበስ ምድር ጮክ ብዬ የማለቅስባትን አንዲት ቀን አግኝቼ፣ እሷንም በየነ ወሰዳት። ያኔ የነበረኝ ንዴት ጥላቻ ሆነ።

ድምፄ ያለበት ሲዲ በዓመቱ ጃፓን አገር ወጣ፤ ጥቂት ተሸጠ፣ ተረሳ። ኬንጂ አንድ ሰጥቶኝ ወደ አገሩ ገባ። እኔም ከልደት ካርዴና ከፓስፖርቴ ጋር አስቀመጥኩት። በየነ እያደገ ሄደ። ቤት ገዛ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ሆነ፣ በየሰርጉ ተነስቶ ይመርቃል። እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ እኔ ከኋላ ቆሜ በልቤ "አንተን እኮ ቀብሬሃለሁ" እላለሁ፤ ይህ ለብዙ ዓመት እንደ መድኃኒት ረድቶኛል። በዕድሜ ብዛት እኔም ከዘፈኑ ወደ ለቅሶው ዞርኩ፤ ዛሬ እድሩ አልቃሽ ሲፈልግ የሚደውለው ለእኔ ነው። ባለፈው ክረምት በየነን ልቡን አመመውና ሆስፒታል ገባ፤ ሽቦ ከተቱለት። ጋሼ ታደሰ ደውለው "ክፉ አያሰማን እንጂ፣ አስካለ፣ ለማንኛውም ተዘጋጂ" አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ሳያውቅ ሊሞት ነው። ሳያውቅ ቢሞት ደግሞ አስከሬኑ ፊት ቆሜ ደግነቱን የማወርድለት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያቆየሁት ነገር ከእሱ ጋር ይቀበራል። ሰው ሁሉ ይዳን ብሎ ጸለየለት። እኔም ከልቤ ጸለይኩ፤ ዳነ።

ወር ሳይሞላ ያ ያልቀየርኩት ቁጥር ጠራ። ኬንጂ ነበር፤ ድምፁ ሸምግሏል። ሥራው እንደገና በሸክላ ሊወጣ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የሙዚቃው ወዳጆች አራተኛው ዘፈን ላይ ያለችው ሴት ምን እንደምትል ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዱ ጸሎት ነው ይላል፣ ሌላው የፈጠራ ቋንቋ ነው ይላል። "ቃሉን ትጽፊልኛለሽ?" አለኝ። ሳልውል ሳላድር ጻፍኩ። እንግሊዝኛውን እንድትሠራልኝ ሳሌምን ጠራኋት። እዚህ የተወለደች ልጄ ናት፤ ፋርማሲስት ነች፤ አማርኛ ታነባለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱን አነበበችና ቀና አለች።

"ማም፣ ዌይት። ይሄ ጋሼ በየነ ነው? አወር ጋሼ በየነ?"

"ስንት በየነ አለ?"

"ባት ሂ ኢዝ አላይቭ!"

"አውቃለሁ።"

"ዩ ካንት ዱ ዚስ፣ ማም። እድሩ ሁሉ ያየዋል። ስሙን እናውጣው፤ ጀስት ሴይ 'ኤ ማን'።"

ያኔ ነገርኳት። ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ቀይ ቀሚሱን፣ ረቡዕን፣ መስታወቱን፣ አፌ ላይ የተደረገውን ነጠላ። ሰምታ ስትጨርስ ኮምፒዩተሯን ወደ ራሷ ሳበችና "'ሰላም ብለውሻል'ን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የማደርገው?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

"እንደተባለው" አልኳት።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሸክላው በወጣ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የእነ በየነ የሠላሳ ዓመት በዓል ነው። ዘፈኑን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ኬኩ ሲቆረጥ ለዲጄው ልሰጠው፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ሊለቀው። አዲስ ቀይ ቀሚስ ገዛሁ፤ ሰባ ሁለት ዶላር፣ ያለ ቃጠሎ። አዳራሹ ዋይትሆል ነው፤ ገና በሩን አልፌ ስገባ ግን እግሬ ቆመ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሴቶቹ በበየነ ሳህን ላይ ሥጋ ይደርባሉ። በየጠረጴዛው ሲደርስ ወሬ ቀጥ ይላል፤ ስልኮች በግንባራቸው ይደፋሉ። አንድ ጎልማሳ ዘለግ አድርጎ አቅፎ ሳመው። ጋሼ ታደሰ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

"ምን ነክቶሽ ነው፣ አንቺ ልጅ? ልጆቹ ሙሾሽን ኢንተርኔት ላይ አግኝተውት ኮሎምበስ ሙሉ ሰምቶታል! በቁም ያለ ሰው!"

"ሮማንስ?"

"ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። በይ አሁን አደራ፣ ድግሱ እንዳይበላሽ። ዛሬ ይለፍና ነገ በማለዳ ሰው ይዘን ሄደን እንነግረዋለን።"

አየኋቸው። ራሳቸው የሚሉትን እንኳ አልሰሙትም። ያደረጉብኝ ምን እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይገባቸው ደግመው እያደረጉት ነው፤ ያኔም በደግነት፣ አሁንም በደግነት። ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። እኔ ካሰብኩት ይሄኛው እጅግ ይበልጥ ነበር።

"ልክ ነዎት ጋሼ" አልኳቸው። "ድግሱ አይበላሽ።"

በየነ ማይክሮፎኑን ይዞ "በሰርጌ የዘፈነችልኝ እህቴ ዛሬም ትዝፈንልኝ!" አለ። ዘፈንኩለት። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ዘፈንኩለት። ሮማን እየሳቀች ታጨበጭባለች፣ ዓይኗ ግን ከእኔ አይነሳም። እሱ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ጨፈረ፤ ዶላር ግንባሬ ላይ ለጠፈ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ሆኗል አስኩዬ? ፍቅሩ በዛብኝ እኮ!" አለኝ። "ስለሚወዱህ ነው" አልኩትና ከረባቱ ተዛንፎ ስለነበር አስተካከልኩለት።

እሁድ ገና ሳይነጋ በሦስት መኪና ሄድን። ጋሼ ታደሰ "አንቺማ አትመጪም" ብለውኝ ነበር። "ቃሉ የኔ ነው፤ ሌላ ማን ይነግረዋል?" አልኳቸው። "እሺ፣ ግን ልቡን አስቢለት" አሉኝ። "የኔንስ ማን አሰበልኝ?" አልኳቸው። ከመኪናው ስወርድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። "ኧረ አስተካክዪው፣ ማንም አልሞተም እኮ!" ብለው ተቆጡ፤ ከዚያ ዞር ብለው ሰዎቹን አዩ። ሁሉም አዘቅዝቋል፣ እሳቸውም ጭምር። ክፉ ነገር በማለዳ ለመንገር ሌላ አለባበስ አናውቅም።

በየነ በቢጃማ ከፈተ። ፀጉሩ ላይ ከበዓሉ የቀረ ብልጭልጭ ወረቀት አለ። እኛን አየ፤ ነጠላዎቹን አየ፤ ፊቱ ነጣ። በአንድ እጁ መቃኑን ያዘ። አገር ቤት ያለው ወንድሙ፣ ሲያትል ያለው ልጁ፣ የልጅ ልጆቹ አንድ በአንድ በዓይኑ ሲያልፉ አየሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆም እያለ። ሮማን ከኋላው ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ማን ነው?" አለ። "ማን ነው የሞተው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የምጮኸው ሞልቶኝ ነበር፤ ግን ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ጎረቤት አለ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"አንተ ነህ" አልኩት። "እናቴም ሰላም ብላሃለች።"